የ200 ጫጩት ስጦታ ልቀበል ወይስ ልተው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን እርሻ ሊጀምር ነው። መንግሥት ለጀማሪ ገበሬዎች ባዘጋጀው ድጋፍ 200 የእንቁላል ዝርያ ጫጩት በነፃ፣ ለዶሮ ቤትና ለመኖ የሚሆን ብድር፣ ከዚያም አጭር ሥልጠና እንሰጥሃለን ብለውታል። ጫጩቶቹ የአንድ ቀን ናቸው። ብድሩን መክፈል የሚጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። «ሰው ሁሉ ነፃ ነገር እንዴት ይታለፋል ይለኛል፣ እኔ ግን ፈራሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ ደግ አደረግህ ፈራህ። እኔንም ያስፈራችኝ ያቺ ሦስት ወር ናት።

የእንቁላል ዝርያ ዶሮ መጣል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ነው። ያውም መጀመሪያ የምታገኘው ጥቂትና ትንንሽ እንቁላል ነው። መንጋው በደንብ የሚጥለው ወደ 26ኛው ሳምንት ግድም ነው፣ ማለትም ስድስት ወር። በሦስት ወሯ ግን ገና ቄብ ናት። በቀን 65 ግራም ገደማ ትበላለች፣ የምትሰጥህ ነገር የለም። አበዳሪው ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍያ እየጠበቀ ነው። ከየት ታመጣለህ? ከመኖው ገንዘብ ላይ ትነካለህ። መኖው ሲጎድል ዶሮዋ እንቁላል መጣል የምትጀምርበት ጊዜ ይዘገያል፣ ዕዳው ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ሂሳቡን በወረቀት እንሥራው። አንዲት ዶሮ እስከ 20 ሳምንት 7 ኪሎ ተኩል አካባቢ ትበላለች። ለ200 ዶሮ 15 ኩንታል ነው። በደንብ መጣል ስትጀምር ደግሞ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች፣ በድምሩ በቀን 23 ኪሎ ገደማ። በዶሮ እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚወስደው መኖ ነው። በነፃ የሰጡህ እንግዲህ ርካሹን ክፍል ነው፣ ውዱ አንተ ላይ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ስንት ጫጩት ተከፋፈለ ተብሎ ስለሆነ (ሪፖርት ላይ ጥሩ ይመስላል)፣ ከዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንደሚገኝ የሚጠይቅ ሰው ብዙም የለም። አንተ ጠይቅ። ከዚህ በፊት የወሰዱትን ራስህ ፈልገህ አግኛቸው፤ «ሞዴል» ብለው የሚያሳዩህን አንዱን ብቻ አይተህ አትመለስ። ያቆሙትን ደግሞ አትዝለል፣ ለምን እንዳቆሙ የሚነግሩህ ከሥልጠናው ይበልጣል።

ሥልጠናው መቼ ነው? ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ካልሆነ ለስሙ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ተሰባስበው ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ በዝቶባቸዋል። ይህን ከሞቱ በኋላ ቢነግሩህ ምን ያደርግልሃል? የፈንግልን (ዶሮን በጅምላ የሚጨርሰውን በሽታ) ክትባት ማን እንደሚሰጥና ክትባቱ በቅዝቃዜ ተጠብቆ እንደሚመጣም አብረህ አጣራ።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በአካባቢህ ላሉት ጀማሪዎች ሁሉ በአንድ ሳምንት ጫጩት ከታደለ ሁሉም በአንድ ወር እንቁላል ይዞ ገበያ ይወጣል። ያኔ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ስንት ሰው እንደተመዘገበና እንቁላሉን ማን እንደሚረከብ ጠይቅ። «ገበያው አለ» የሚል መልስ አይበቃም።

ውሉን ቤትህ ወስደህ አንብብ። ጫጩቱ በበሽታ ቢያልቅ ዕዳው ይሰረዛል ወይ? መያዣው ምንድነው? መኖ ከአንድ አቅራቢ ብቻ እንድትገዛ ያስገድድሃል? አንዳንዱ ድጋፍ ደግሞ መጀመሪያ ከኪስህ አውጥተህ በደረሰኝ የሚመለስልህ ነው። እጅ ላጠረው ጀማሪ እሱ ድጋፍ አልለውም።

እኔ ብሆን በዚህ ውል አልፈርምም። ቢሮው ሄደህ ሁለት ነገር ጠይቅ፤ የእፎይታ ጊዜው (ብድሩን መክፈል ሳልጀምር የምቆይበት) ቢያንስ ስምንት ወር ይሁንልኝ በል፣ ወይም በአንድ ቀን ጫጩት ፋንታ የሦስት ወር ቄብ ስጡኝ በል፣ ቁጥሩ ቢቀንስም ግዴለም። ሁለቱንም እምቢ ካሉህ ብድሩን ትተህ በራስህ አቅም መቀለብ የምትችለውን 50 ጫጩት ብቻ ልውሰድ በላቸው። መልሳቸውን በጽሑፍ ተቀበል፤ የቃል ተስፋ የሰጠህ ሠራተኛ ነገ ቢቀየር የሚጠየቅልህ የለም።