መልስ፦ በ18 ሃንዲካፕ ቤትፔጅ ብላክን መጫወት

በ18 ሃንዲካፕ (የተጫዋችን ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ ከፍ ባለ መጠን ችሎታው ዝቅ ያለ ነው) ኒውዮርክ የሚገኘውን የጎልፍ ሜዳ ቤትፔጅ ብላክ ልሞክር ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ያለ ማመንታት ይሞክሩ እላለሁ። በ2002 እና በ2009 የዩኤስ ኦፕን ውድድር የተካሄደበት ይህ ሜዳ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሆኖም መነሻው ላይ የተሰቀለው ማስጠንቀቂያ ሜዳው እጅግ አስቸጋሪ መሆኑንና የሚመከረውም ከፍተኛ ችሎታ ላላቸው ተጫዋቾች ብቻ መሆኑን ስለሚገልጽ፣ ከኋለኛው ቲ (ከጉድጓዱ በጣም ከሚርቀው የመምቻ መነሻ) አይጀምሩ። ኳስዎ ረጅሙ ሣር ውስጥ ሰጥማ ጫፏ ብቻ ሲታይ፣ ሣሩ የክለቡን (የመምቻ ዱላውን) አንገት ይዞ ፊቱን ስለሚያዞረው፣ በረጅም ክለብ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት በጣም አጭር ሣር) ላይ ለመድረስ ከመታገል በዌጅ (ኳስን ከፍ አድርጎ በአጭር ርቀት በሚልክ ክለብ) ወደ ፌርዌይ (አጭር ሣር ወዳለው የመጫወቻ መስመር) መመለስ ይሻላል። ይህን ሳልታክት የምመክረው፣ ብዙዎቻችን ምቶቻችንን የምናባክነው እዚያው ሣር ውስጥ ስለሆነ ነው። ሜዳው በእግር ብቻ የሚኬድበት በመሆኑ ቦርሳዎን ያቅልሉ፤ 15ኛው ግሪን ዳገት ላይ ነው።