«ጾታ» ለብቻው የማይችለው ሸክም

አንድ አንባቢ በሴቶች መብት ተሟጋቾችና በትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተመዘገቡበት ጾታ ሌላ ነን በሚሉ ሰዎች) መብት ተሟጋቾች መካከል ስላለው ክርክር የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመልሱ የገጠማቸውን ችግር ጽፈው ልከውልኛል። ጥያቄያቸው ሁለት ነው። እንግሊዝኛው የአካሉን «ሴክስ»፣ ማኅበራዊውን «ጀንደር» ብሎ የሚለያቸውን ሁለቱንም «ጾታ» ማለት ይቻላል ወይ? ወንድ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ኋላ ሴት ነኝ ስለሚል ሰው ሲጻፍስ ግሡ «ሄደ» ይሁን «ሄደች»? አንባቢው ይህንኑ ሲጠይቁ በተባዕታይ «የሚል» ብለው ጀመሩ፤ ሁለት መስመር ወርደው ስለዚያው ሰው «የምትኖር» ብለው በአንስታይ ጨረሱ። ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኝም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «አይቻልም» ነው። «አማርኛ አንድ ቃል ብቻ ያለው ልዩነቱን ስለማያውቀው ነው፤ መለየቱ ከውጭ የመጣ ነገር ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የቃሉን ታሪክ አልተመለከቱም። «ጾታ» በግእዝ ወገን፣ ዐይነት፣ ክፍል ማለት ነው። ምስክሩ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ነው፤ ሦስቱም ካህናት፣ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ቃሉ ወንድነትንና ሴትነትን ብቻ የሚያመለክት ቢሆን ኖሮ ካህናት እንደ አንድ ጾታ ባልተቆጠሩ ነበር። እንደሚመስለኝ ቃሉን ያጠበበው ስሞችን ተባዕታይና አንስታይ ብሎ የሚከፍለው ሰዋስው ነው፤ ከሰዋስው ወጥቶም በሰው አካል ላይ ዐረፈ። የሚያስገርመው የእንግሊዝኛው «ጀንደር»ም ወገንና ዐይነት ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ጌኑስ» የመጣ መሆኑ ነው። እሱም በአመዛኙ የሰዋስው ቃል ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጆን መኒ እ.ኤ.አ. በ1955 ወንድነትና ሴትነት በኑሮ የሚገለጡበትን ሚና ሊሰይምበት ወሰደው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ትርጉም ተነሥተው በአንድ መንገድ ተጉዘዋል። የእኛው ግን አዲሱ ፅንሰ ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት የአካሉ መጠሪያ ሆኖ ስለነበር፣ ለአዲሱ ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነ። (ቃሉ በጸሎቱ «ጸ» ነው የሚጻፈው። በፀሐዩ «ፀ» «ፆታ» ብሎ የሚጽፈው እጅግ እንደበዛ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልጽፈውም።)

ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ምን እንደሚያስከትል በአንድ ፍርድ እንየው። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» እና «ሴክስ» የሚሉት ቃላት ሥነ ሕይወታዊውን ጾታ እንደሚያመለክቱ፣ «ጀንደር» የሚለወጥበትን የምስክር ወረቀት መያዝም ይህን ለዚህ ሕግ ዓላማ እንደማይለውጥ በየነ፤ ትራንስጀንደር ሰዎች ከአድልዎ የሚጠበቁበት ድንጋጌ እንዳለም አስታወሰ። ሁለቱንም «ጾታ» ያለ ተርጓሚ «የጾታ ለውጥ ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ጾታው አልተለወጠም» ብሎ ይጽፋል። ይህን ያነበበ ሰው ዳኞቹ እርስ በርሳቸው የሚጋጭ ነገር የተናገሩ ይመስለዋል። ፍርዱን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ሊከራከርበት የሚገባው ነጥብ በትርጉሙ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ለአካሉ «ጾታ»፣ ለማኅበራዊው «ሥርዓተ ጾታ» ይበሉ። ይህን የምመክረው «ሥርዓተ ጾታ» የሚለውን ወድጄው አይደለም። «ሥርዓት» በሥርዓተ ቅዳሴም ሆነ በሥርዓተ ነጥብ የተደነገገን፣ ቅደም ተከተል የተበጀለትን ነገር ይጠራል፤ አንድ ሰው ስለራሱ የሚሰማውን ለመጥራት ይጎረብጣል። ለዚህኛው «ጾታዊ ማንነት» ቢባል ለጆሮዬ ይሻላል። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም «ሥርዓተ ጾታ» ብሎ ጽፎ፣ ብሎ አስተምሮ ጨርሷል። ሕዝብ የያዘውን ቃል እኔ ስላልወደድኩት ልነጥቀው አልችልም።

«ጾታ ቀያሪ» ከሚለው ግን ይራቁ፤ አቅጣጫውን አይናገርምና። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች በሴቶች ምድብ የዓለም ደረጃ በሚያሰጡ ውድድሮች እንዳይካፈሉ ወሰነ። ይህን «ጾታቸውን የቀየሩ ሴቶች ታገዱ» ብለው ቢጽፉ፣ አማርኛ አንባቢ ሴት ሆነው ተወልደው ወንድ የሆኑ ሰዎች ታገዱ ብሎ ይረዳል፤ ዜናው ፈጽሞ ተገለበጠ። «ትራንስጀንደር» የሚለውን እንዳለ ይያዙና በመጀመሪያው አጠራር ላይ «ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ» ብለው ያብራሩት። የሚተረጉሙት ጸሐፊ «ሴት» መባላቸውን የሚቃወም ከሆነም የእሱን አጠራር አይለውጡበት። «ፍናፍንት» የሁለቱም ጾታ የአካል ምልክት ይዞ የተወለደ ሰው ስም ስለሆነ ለዚህ ነገር አይሆንም። «ወንዳገረድ» ደግሞ ስድብ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ስሙን እየደጋገመ ተውላጠ ስሙን ሊሸሽ ይችላል። አማርኛ ግን ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚሸከም፣ ጸሐፊው ገና ከጭብጡ ሳይደርስ በመጀመሪያው ማሠሪያ አንቀጽ ወገን ይይዛል። አንዱ ወገን ግሡ አካሉን ይከተል ይላል፤ ሌላው ሰውዬው ራሱን የሚጠራበትን ይከተል ይላል። የአማርኛ ጾታ አካልን ብቻ ተከትሎ እንደማያውቅ እርግጥ ነው፤ እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጠው «ነይ» ትለዋለች፣ ፀሐይም «ወጣች» ይባልላታል። ይህ ግን ክርክሩን አይፈታውም፤ ቁልምጫ የአፍታ ነገር ነው፣ የሰው ማንነት ግን እንዲያ አይደለም።

የሚተረጉሙ ከሆነ ደራሲው የያዘውን ይያዙ። ከራስዎ የሚጽፉ ከሆነ ግን አማርኛ ራሱ ያዘጋጀው መንገድ አለ። ግእዝ በብዙ ቁጥርም «ሖሩ» እና «ሖራ»፣ «አንትሙ» እና «አንትን» እያለ ይለያል፤ አማርኛ ይህን ትቶ ለሁለቱም «ሄዱ»፣ «እናንተ» አለ። የአክብሮቱ «እሳቸው» ግሡን በዚሁ በብዙ ቁጥር ስለሚያስረው ጾታ የለበትም። «እሳቸው» የመጣው ከ«ርእስ» ነው፤ «ርእሳቸው» «እርሳቸው» ሆኖ «እሳቸው» ላይ ደረሰ። ከሥሩ ሲታይ «ራሳቸው» እንደ ማለት ነው፤ ወንድም ሴትም አይልም። ለሃያ ዓመት ሯጭ «ሮጡ» ማለት እንደሚከብድ አይጠፋኝም፤ ቢሆንም እኔ ይህን እመርጣለሁ። የላኩልኝን ዐረፍተ ነገርም እንዲህ ብዬ አርሜዋለሁ፦ «ሲወለዱ ወንድ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ዛሬ ራሳቸውን ሴት ብለው ይጠራሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ይህን አይቀበሉም።»