ፌስታል ይከልከል፣ ይቀረጥ ወይስ ሕዝቡ ይማር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ ጎርፉ ወደ ቤታችን ይገባል። በቀበሌው ስብሰባ አንዱ ይከልከል፣ ሌላው ቀረጥ ይጣልበት፣ ሌላው ሕዝቡ ይማር ይላል። መንግሥት ከነዚህ የቱን እንደሚበጅ የሚለየው በምንድን ነው?

መልስ፦ አስቀድሞ ቦዩን የደፈነው ነገር ይታወቅ። የአንድ ሳምንት ጥራጊ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱና አሸዋው ለየብቻ በጆንያ ይሰፈር። ፌስታል ቀላል ስለሆነ ሚዛን ያታልላል። አብዛኛው አሸዋ ከሆነ የፌስታል ሕግ ቦዩን አይከፍተውም፤ መፍትሔው ከዝናቡ በፊት መጥረግና ከላይ ያለውን ተዳፋት በእርከን መያዝ ነው።

ጥፋተኛው ፌስታል ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ስንት ሰው መጠበቅ እንዳለበት ይታሰብ። አየርላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ስታስከፍል አጠቃቀሙ ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። ገንዘቡ የሚከፈለው በደረሰኝ፣ ከገዢው ኪስ ስለነበር ነው። ቀፊራ ገበያ መሬት ላይ ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጥ እናት ግን ደረሰኝ የላትም። እኛ ዘንድ ቀረጥ የሚያዋጣው ቁጥራቸው ጥቂት በሆነው በአምራቾችና በአስመጪዎች ላይ ሲጣል ነው።

ክልከላ ደግሞ በዓይን የሚለይ መሆን አለበት። የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር ለማይበልጥ፣ ለማይበሰብሱ ፌስታሎች የማምረትና የማስመጣት ፈቃድ መስጠትን ነበር። ይህን ውፍረት ገበያ መካከል በጣት ዳስሶ የሚያውቅ ማን ነው? የ2017 ዓ.ም. አዋጅ ፌስታልን በጠቅላላ መከልከሉ ይህን ችግር ያቃልላል። ይዞ በተገኘ ሰው ላይ የጣለው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ግን ያሳስበኛል፤ ቅጣት ከሻጯ የቀን ገቢ ሲበልጥ ተቆጣጣሪው ወይ አይቶ ያልፋል ወይ ይደራደራል። አነስ ያለ፣ ግን የማይቀር ቅጣት ይሻላል።

ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከከለከለች በኋላ ፌስታል ከጎረቤት አገሮች ሾልኮ ይገባ ነበር። ድሬዳዋም የኮንትሮባንድ መንገድ ላይ ናት፤ ኬላው ከላላ ሸክሙ ቸርቻሪው ላይ ብቻ ይወድቃል።

ትምህርት ብቻውን የሚበቃው ሰው ጉዳቱን ሳያውቅ ሲቀር ነው። እዚህ ግን የጎደለው ምትክ ነው፦ ለአትክልት ዘንቢል፣ ለጫት የሙዝ ቅጠል፣ በፌስታል ዋጋና በቅርብ።

ጆንያው የሞላው በሃይላንድ ከሆነ ደግሞ መያዣ ገንዘብ ይሻላል፦ ገዢው ጥቂት ብር ጨምሮ ይከፍላል፣ ባዶውን ሲመልስ ይወስዳል። ቁራሌው ሃይላንዱን የሚለቅመው ዋጋ ስላለው ነው፤ ፌስታሉን ትቶት የሚሄደውም ዋጋ ስለሌለው ነው።