ወረቀቱ ላይ የሌለ ልጅ

ልጆቼ፣ ለእናንተ ለአዲሶቹ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች ነው የምጽፈው። ከመድኃኒት ባንኮኒ ጀርባ ከ30 ዓመት በላይ ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴ ይመሰክራል። ስለ «ኦፍ ሌብል» ላውራችሁ። መድኃኒቱ ከተፈቀደለት ሕመም፣ ዕድሜ ወይም መጠን ውጭ ሲታዘዝ ማለት ነው። ትምህርት ቤት በሁለት መስመር ታልፋላችሁ። የልጆች ክፍል ስትገቡ ግን የዕለት እንጀራችሁ ይሆናል።

አንዲት እናት የሰባት ወር ልጅ ታቅፋ መጣች። ልጁ የሳንባው ደም ሥር ግፊት ከፍ ያለ ነው። ጡት እንኳ ጠብቶ ሳይጨርስ ይደክመዋል፤ ክብደቱ 5 ኪሎ ብቻ። ሐኪሙ ሲልደናፊል አዟል፤ 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ። እኔ ጋ ያለው የ50 ሚሊ ግራም ኪኒን ነው። አንዷን ፍሬ አድቅቆ በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ መበጥበጥ፣ ሳይዘቅጥ 1 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ መሳብ፣ የቀረውን መድፋት። አሳየኋት፤ እሷም ሠርታ አሳየችኝ። ሄደች። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ወረፋው ረጅም ነበር እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው።

ኪኒኑ ሲያልቅባት ሰፈሯ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ ማዘዣውን አይቶ ሳቀ። «ይሄ እኮ ቪያግራ ነው! ለሕፃን?» አላት።

መድኃኒቱን አቆመች። እናንተስ ብትሆኑ?

ሕፃኑ ከንፈሩ ጠቁሮ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲሻለው እናቱ እኔ ጋ መጣች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ፣ ልጄን ምን ስታስጠጡኝ ነበር?» አለችኝ። መልሱን አውቀው ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃ ወስጄ ብናገረው ኖሮ ልጁ ኦክስጅን ላይ አይተኛም ነበር።

በሳቀው ልጅ ብዙም አልፈርድበትም። መድኃኒቱ በ1998 የተፈቀደው ለወንዶች ችግር ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያንኑ ሥራ፣ ማለትም ደም ሥርን ማላላት፣ ሳንባ ውስጥም ስለሚሠራ በ2005 ለአዋቂዎች የሳንባ ደም ግፊት ተፈቀደ። ልጆች ላይ ሲደርስ ነገሩ ተወሳሰበ። አውሮፓ በ2011 ከ1 ዓመት በላይ ላሉት ፈቀደች። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በበኩሉ በ2012 ለልጆች እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ በ2014 ደግሞ «ፈጽሞ አትስጡ ማለቴ አይደለም» ብሎ ቃሉን አለዘበ። ያው ኪኒን ነው፣ ያው ልጅ ነው። የእኔ የሰባት ወር ልጅ ደግሞ አንዱም የፈቃድ ወረቀት ላይ አልነበረም።

ስለዚህ «ወረቀቱ አይፈቅድም» ማለት ብዙ ጊዜ «ልጆች ላይ በቂ ጥናት አልተደረገም» ማለት ነው። መርዝ ነው ማለት አይደለም። ደህና ነው ማለትም አይደለም። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ለአንድ ሕፃን የልብ ሕመም ተብሎ የተሰጠ ፕሮፕራኖሎል፣ አፍንጫው ላይ የነበረውን ቀይ የደም ሥር እብጠት በማግሥቱ ሲያለሰልሰው ሐኪሞቹ አዩ። ነገሩን በ2008 አሳተሙት። በ2014 ለሕፃናት የሚሆን ሽሮፕ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በመካከሉ ባሉት ስድስት ዓመታት ያንን መድኃኒት ለዚህ እብጠት ያዘዘ ሁሉ ኦፍ ሌብል ነበር ያዘዘው።

ሌላውም መልክ አለ። ክሎራምፌኒኮል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ለአራስ እንደ ትልቅ ሰው ተሰልቶ ሲሰጥ፣ የአራስ ጉበት ማስወገድ ስለማይችል ሰውነታቸው አመድ መስሎ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። በ1959 ነው ምክንያቱ በግልጽ የተጻፈው። ልጅ በትንሹ የተቆረጠ ትልቅ ሰው አይደለም።

ኮዴይን ላይ ደግሞ ልቆይ፤ እኛን ይነካናልና። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው ሕመም የሚያስታግሰው። ይህን በጣም በፍጥነት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ሞርፊኑ በአንዴ ይበዛባቸዋል። ቶንሲላቸው ወጥቶ ኮዴይን ከተሰጣቸው ልጆች እንዲህ ትንፋሽ አጥሯቸው የሞቱ ስላሉ፣ አሜሪካ በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣች፤ በ2017 ከ12 ዓመት በታች ጨርሶ ከለከለች። አሁን ስሙኝ። በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ይህንን ሥራ የሚያፋጥነው ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ላይ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። እንግዲህ «የውጭ ማስጠንቀቂያ ነው» ብሎ ማለፍ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለእኛ አይሆንም። ዲያስፖራ ያላችሁም፣ የሐበሻ ልጅ ስታክሙ አስታውሱት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ማዘዣው ግራ ሲያጋባኝ ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ፤ በእናትየው ፊት ግን ፊቴን አላጨማድድም። ልጁን በዕለቱ ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ካርዱ ላይ ያለውን የባለፈውን ወር ኪሎ አላምንም። «ሩብ ኪኒን» ብቻ ብሎ የተጻፈ አልቀበልም፤ ስንት ሚሊ ግራም? በስንት ሚሊ ሊትር? ነጥብ የጠፋበት 0.5 አሥር እጥፍ ነው። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ኪኒን ደግሞ አይደቅም፣ የቱንም ያህል ቢቸግር። ልጁ እንዲተኛላቸው ብቻ የአለርጂ ሽሮፕ የሚሹ ወላጆችም ይመጣሉ። እሱን አልሰጥም፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ከዚያች እናት በኋላ አንድ ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ። የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደታዘዘ፣ «ሌላ ቦታ ለሌላ ሕመም እንደሚሰጥ ልትሰሚ ትችያለሽ»፣ «ሳትጠይቂን አታቁሚ»፣ ስልክ ቁጥር። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል።

እሷ ያን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር። ሲሪንጇ ላይ 1 ሚሊ ሊትሩ ጋ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አስምራለች። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ሚዛን ላይ ወጣ፤ 6 ኪሎ። ሐኪሙ መጠኑን አሳደገ። መስመሩን እኔ ላስተካክልላት ሲሪንጁን ስቀበል፣ «ቆይ ጋሼ» አለችኝ። ከቦርሳዋ አሴቶን አወጣች። የድሮውን ጠረገችና አዲሱን ራሷ አሰመረች።