ጎመኑ የጠወለገ ሰሞን

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ቀያሽ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድና መሬት ስለካ ነው። ዘንድሮ 57 ዓመት ሞላኝ። ከመካከላችሁ የቤታችሁን መሠረት የለካሁላችሁ አላችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሥራዬ አይደለም። ስለ አእምሮ ሕመሜና ያንን ሕመም ይዤ ስለዋልኩበት አንድ ግቢ ነው። እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው። አሁን ግን በእናንተ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ሲቀመጡ አያለሁ። ዝም ማለት ከበደኝ።

የታመምኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። 27 ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። ቀጥሎ ሬዲዮው ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝ። ከዚያ እናቴ የሠራችውን ወጥ መብላት ተውኩ፤ መርዝ ያለበት ይመስለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከሆጤ ተነስቼ በዝናብ፣ በባዶ እግሬ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ወጣሁ። ንጋት ላይ ያገኙኝ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። በማግስቱ ሰፈሩ «ጨርቁን ጣለ» አለ። ልብሴን ለብሼ ነበር። ስሙ ግን ተጣበቀብኝ።

እናቴ ግሸን ወሰደችኝ። የጎረቤታችን እናት ደግሞ ቤታቸው ዱዓ አስደረጉልኝ። «አብሽር ልጄ፣ ይነጋል» ይሉኝ ነበር። ሁለቱም ከልባቸው ነው ያደረጉት፤ ዛሬም ሳስባቸው ሆዴ ይባባል። በመጨረሻ አጎቴ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ይዞኝ ሄዶ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል አስተኛኝ። ያኔ በአገሩ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነው። መድኃኒቱ በሁለት ወር ውስጥ በጆሮዬ የሚመጡትን ድምፆች አደከማቸው።

እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳ ባለው ዕድሜ ነው። ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ትዳር ሲያስብ። ለዚህ ነው ለእናንተ መጻፌ።

ከሆስፒታል ስወጣ ሁሉም «ዳነ» አለ። አልዳንኩም። ድምፁ ቀነሰ እንጂ ሕይወቴ አልተመለሰም። መሥሪያ ቤቴ፣ ስሙን አልጠራም፣ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጠበቀኝ። የታጨችልኝን ልጅ ቤተሰቦቿ ከለከሏት። እኔም ተቀመጥኩ። አሥር ዓመት ተቀመጥኩ።

መቀመጥ ምን እንደሆነ ላላየው ሰው ልንገር። ጠዋት ትነቃለህ፤ የምትሄድበት የለም። እህትህ ቁርስ ታቀርባለች። ክኒን ትሰጥሃለች፣ መዋጥህን ለማረጋገጥ አፍህን ከፍተህ ታሳያታለህ። ውጪ ወጥተህ ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ ትሞቃለህ። ፀሐይዋ ስትዞር አብረህ ትዞራለህ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለህ። ሱቅ አትላክም። ገንዘብ አትይዝም። ለቅሶ እንኳ አትሄድም። ስለ አንተ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው እህትህን ነው፤ «ይበላል? ይተኛል?» ይላታል። አንተ እዚያው አጠገቧ ተቀምጠሃል። እህቴ ዕድሜዋን ሰጥታኛለች፤ እሷን መውቀሴ አይደለም። ግን ከእኔ የሚጠበቅ አንድም ነገር አልነበረም። በዚያ መሀል ሁለት ጊዜ መድኃኒቱን ደብቄ ተውኩ። ሁለቱንም ጊዜ መልሶ ጣለኝ።

በ1998 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስና ጥቂት ቤተሰቦች ተባብረው አንድ ግቢ ተከራዩ። ሥራው የቀን ማገገሚያ ነው። እኛ «ግቢው» ነበር የምንለው። አይታደርበትም። ጠዋት 2፡30 ትገባለህ፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ትወጣለህ። 14 ሰዎች ነበርን። እህቴ ስለ ግቢው የሰማችው ሆስፒታል ቀጠሮ ስታመላልሰኝ ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ደሴ ላይ ጃኬት ደርበህ የተሳፈርከው ኮምቦልቻ ስትደርስ በሸሚዝ ትቀራለህ። የመጀመሪያውን ሳምንት እህቴ አብራኝ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ አስቀመጠችኝና በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። በአሥር ዓመት ውስጥ ብቻዬን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ለረዳቱ ሒሳብ ስሰጠው እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳንቲሙ ወደቀ። ማንም አልሳቀም።

ስለ ግቢው ውሎ ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ትልቅ ሕክምና የሚሰጥበት ይመስለዋል። ስትገባ ደብተር ላይ ትፈርማለህ። ግቢ ትጠርጋለህ። ቡና ይቆላል፤ ተራው ወንድ ሴት አይልም። ማክሰኞና ሐሙስ ክብ ሠርተን ተቀምጠን እናወራለን። ረቡዕ ሁለት ሁለት ሆነን ገበያ እንላካለን። መጀመሪያ የተላክሁ ዕለት 30 ብር ይዤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ፊት ቆምኩ፤ «ቀንሺ» የሚለው ቃል ጠፋኝ። የጠራችውን ከፍዬ መጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተከራከርኩ። ያን ቀን የተረፈውን ሁለት ብር ለእህቴ አሳየኋት።

ከሁሉ የጠቀመኝ የማክሰኞው ወሬ ነው። አንድ ቀን ሲስተር «እጁ የሚንቀጠቀጥበት፣ ሰውነቱ የሚገትርበት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ዘጠኝ እጅ ወጣ። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ መንቀጥቀጡ የበሽታው አካል ይመስለኝ ነበር። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፣ የሚያረግበው ሌላ ክኒንም አለ አለችን። ለሐኪም እንዴት እንደሚነገር ተለማመድን። እርስ በርሳችን ሐኪምና ታካሚ እየሆንን ማለቴ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእህቴ በፊት እኔ ተናገርኩ። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ መንቀጥቀጡን የሚያረግበውን ክኒን፣ አርቴንን፣ ጨመረልኝ። በወሩ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ቀያሽ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያን ሁሉ ዓመት ቀጠሮ ስመላለስ አንድ ሰው «እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብሎ ሳይጠይቀኝ መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሲስተር አንድ ታሪክም አውርታልን ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎች የሚሄዱበት አጡ። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ እየተገናኙ ይቀመጡ ጀመር። ማኅበራቸውንም «ብቻችንን አይደለንም» አሉት። በ1948 እ.ኤ.አ. ቤት አገኙ፤ ፋውንቴን ሀውስ ይባላል፣ እስከ ዛሬ አለ። እዚያ የሚመጣው ሰው ታካሚ ሳይሆን አባል ነው የሚባለው። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ አባል ተባባልን። ደረጃ ላይ ተቀምጠው ቀኑን የሚገፉት ሰዎች ግን ከልቤ አልወጡም። ፀሐይ እየተከተሉ መዞርን ስለማውቀው ይሆናል።

ግቢው ሁሉም ነገሩ ጥሩ አልነበረም። ዶቃ መሰካት አልወድም ነበር፤ የሚገዛውም የለም። አንዲት ሠራተኛ ደግሞ አንድ ነገር በጨረስን ቁጥር እያጨበጨበች «ጎበዝ ልጅ!» ትለን ነበር። 37 ዓመቴ ነው። ክፋት አልነበራትም፤ ልቤን ግን ትሰብረው ነበር። አንድ አርብ እንዲያ ስትለኝ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መሄድ ተውኩ። ፀሐዬ ጋ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ስለ አትክልቱ መናገር አለብኝ። ከግቢው ጀርባ ጎመንና ቆስጣ ተክለን ነበር። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ሁሉ ታች ይወርድና ላይኛው መደብ ይደርቃል። እኔ ውስጡን በሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ ልኩን አወጣሁና ቦዩን እንደገና ቀየስኩት። ውሃው እየተጎተተ መደቡን ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ በኋላ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ባልዲው፣ ዶማው፣ ቱቦው እዚያ ነው ያለው። ተቆጥቼ ስወጣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በስድስተኛው ቀን አንድ የግቢው ልጅ ደሴ ድረስ መጣ። ከአባላቱ በዕድሜ ትንሹ ነው፤ ብቻውን ሐረጎን ወጥቶ አያውቅም። ቤቴን ጠያይቆ አገኘው። ቁልፉን አውጥቼ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «ጎመኑ ጠወለገ። ቁልፉን አልወስድም፣ አንተ ና» አለኝ። ሻይ ጠጣና ሄደ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። በሽታ አልነበረም፤ ነገሩን እያገላበጥኩ ነው። አሥር ዓመት ስቀር፣ ስጠፋ፣ ስተኛ፣ አንድ ነገር ተጎድቶብኝ አያውቅም። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ቀኑ ያው ነበር። አሁን ግን እኔ በመቅረቴ የጠወለገ ጎመን አለ። በማግስቱ ሄድኩ። ግማሹ መደብ ሞቷል። ሠራተኛዋ ዶቃውን አስቀምጣ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር። «በስሜ ጥሪኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠራችኝ።

ከግቢው የወጣሁት ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ በቀን ግማሽ ቀን የቤት መሠረት እንድለካ ወሰደኝ። ግማሽ ቀኑ ቀስ ብሎ ሙሉ ቀን ሆነ። መድኃኒቴን እስከ ዛሬ እወስዳለሁ። ግቢው ግን ኪራይ መክፈል አቅቶት ተዘግቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ መድኃኒት ጠፍቶ ከጓደኞቼ ሁለቱ ክፉኛ ታመሙ። እኔን ያተረፈኝ ሲስተር ያስለመደችን ነው፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ፣ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ማኖር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ራስህ ውስጥ የጀመረህ ነገር ካለ፣ እንቅልፍ ከራቀህ፣ የማይሰማ ድምፅ ከሰማህ፣ ሰው ሁሉ ስለ አንተ የሚያወራ ከመሰለህ፣ ለምታምነው አንድ ሰው ዛሬ ንገረው። እኔ ለአራት ወር ደብቄዋለሁ፤ የከፈልኩትን ታውቃላችሁ። ጠበል ሂድ፣ ዱዓ ይደረግልህ፤ እኔም እጸልያለሁ። ክኒኑን ግን አትጣል። ሁለቱ አይጣሉም። ስለ ጫት ደግሞ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ከመታመሜ በፊት እቅም ነበር። ምርቃናው ካስያዘኝ በኋላ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋ ነበር። ይህ ሕመም ላለበት ሰው ጫት እሳት ላይ ላምባ ነው። የሚታመም ጓደኛችሁን «ትንሽ ያዝናናሃል» ብላችሁ ጉንጩ ላይ አታድርጉበት።

ጓደኛችሁ ታሞ ከሆነ ደግሞ፣ እየሄዳችሁ «እንዴት ነው?» ብላችሁ እናቱን ብቻ አትጠይቁ። እሱን ጠይቁት። የሚሠራው ነገር ስጡት። ትንሽ ይሁን፤ ግን እውነተኛ ይሁን። የኳስ ቡድናችሁን ማሊያ ይያዝ። የዕድር ደብተር ይጻፍ። ሲቀር «አይ፣ ምስኪን» ብላችሁ አትለፉት። ሄዳችሁ ፈልጉት። ቢሰድባችሁም በሌላ ቀን ተመለሱ። እቤት ስትሆኑ አትጩኹበት፤ እህቴ ይህን የተማረችው በግቢው የቤተሰብ ቀን ነው። ጩኸትና ወቀሳ የበዛበት ቤት ሕመሙን ቶሎ ይመልሰዋል። እሷ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ወዲህ እኔም ቤት መግባት ወደድኩ።

ነርስ፣ ሐኪም፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ለመሆን የምትማሩ አላችሁ። ለዚህ ሥራ ትልቅ ሕንጻ አትጠብቁ። በጉራጌ አካባቢ፣ ሶዶ ወረዳ፣ የአገሬው ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ አግዘዋቸዋል። የጤና ባለሙያዎች አልነበሩም። የተደረገው ጥናት ውጤት በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከመድኃኒት ጋር ይህን ድጋፍ ያገኙት ሰዎች መድኃኒት ብቻ ካገኙት በተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል። እኔ አልገረመኝም። ወሎ ውስጥ ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሦስት ዙር ቡና አብሮ የሚጠጣ ጎረቤት ያለበት አገር ነው። ከአቦሉ አንዷን ስኒ ለታመመው ልጅ አስቀምጡለት፤ ከጓዳ ይውጣና ከሰው ጋር ይጠጣ።

የሰፈራችን አንድ ልጅ፣ 22 ዓመቱ፣ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ከእኔ ጋር ይሠራል። ሥራው የመለኪያውን ዘንግ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ዘንጉ ካጋደለ ልኩ ሁሉ ይበላሻል፤ ይህን ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ። ደወልኩ፣ አላነሳም። ቤቱ ሄድኩ፣ በሩን አልከፈተም። «ነገ ገራዶ ነን» ብዬ በበሩ ነግሬው ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ።

«ያለ እኔ ለካችሁ እንዴ?» አለኝ።

«አልለካንም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ዘንጉን አንሥቶ ወደ ምልክቱ ሄደ።