ስለ ቁስልና ግሮውዝ ፋክተር፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሥራዬ የቆዳ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ጠይቁኝ ስላችሁ ከመጡት ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ግሮውዝ ፋክተር እንደ ቫይታሚን ያለ ነገር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሴሎች የሚላላኩበት ትንሽ ፕሮቲን ነው። በሴሉ ገጽ ላይ የሚገጥመው ተቀባይ ካገኘ «ተከፈል»፣ «ተንቀሳቀስ» ወይም «ኮላጅን (ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን) ሥራ» ይለዋል። ተቀባዩ የሌለው ሴል ግን አጠገቡ ቢያልፍም አይሰማውም።

ጥያቄ፦ ጣቴን ቢላ ቢቆርጠኝ መልእክቱን ማን ይጀምራል?

መልስ፦ ፕላትሌቶች፣ ማለትም ደም የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች። ሥራቸው ደም ማቆም ብቻ ይመስለናል እንጂ ፒዲጂኤፍና ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባሉ ግሮውዝ ፋክተሮችን በሆዳቸው ቋጥረው ነው የሚዞሩት፤ ደሙ ሲረጋ ያፈሱታል። ፒዲጂኤፍ ፋይብሮብላስቶችን፣ ማለትም ኮላጅን የሚሠሩትን ሴሎች፣ ወደ ቁስሉ ይጠራል። ቆሻሻውን ሊበሉ የሚመጡት ማክሮፋጆች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎችም የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ከእነሱ አንዱ ቪኢጂኤፍ አዲስ የደም ሥር ያስበቅላል። የሚሽር ቁስል ውስጡ ቀይ ሆኖ ትንሽ ሲነኩት የሚደማው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቆዳው ራሱስ እንዴት ይገጥማል?

መልስ፦ ይህን ስጠየቅ ደስ ይለኛል። በጠርዙ ያሉ ኬራቲኖሳይቶች፣ ማለትም የላይኛው ቆዳ ሴሎች፣ ከጎረቤት ጋር የተያያዙበትን ይፈቱና ጠፍጠፍ ብለው ይሳባሉ። የፊቶቹ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ እየተከፈሉ ቦታውን ይሞላሉ። ኢጂኤፍ የሚባል ግሮውዝ ፋክተር ሁለቱንም ይገፋፋል። ኬጂኤፍ የሚባለው ሌላው ደግሞ የሚመረተው ታች ባሉት ፋይብሮብላስቶች ነው፤ ተቀባዩ ያለው ግን ላይ በኬራቲኖሳይቶቹ ነው፤ ታች ቤት ለላይ ቤት ይልካል ማለት ነው። እኔ ሳህን ላይ ሞልተው ያደጉ ሴሎችን በፒፔት ጫፍ እጭራለሁ። ማታ ትቼው የሄድኩት ጭረት ጠዋት ጠብቦ፣ አንዳንዴም ተዘግቶ ይጠብቀኛል። ሁለቱ ወገን ሲነካካ ጉዞው ይቆማል።

ጥያቄ፦ ውሻ ቁስሉን የሚልሰው ለዚህ ይሆን?

መልስ፦ የውሻውን ሐሳብ አላውቅም! ምራቅ ውስጥ ኢጂኤፍ መኖሩ ግን እውነት ነው። ሳይንቲስቱ ስታንሊ ኮኸን ያገኘው ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ነው፤ ጭማቂውን የተወጉ ግልገል አይጦች ዓይናቸውን ከጊዜው በፊት ገለጡ። በ1986 እ.ኤ.አ. ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸለመ። እናንተ ግን አትላሱ፤ አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፤ የእግሬ ቁስል አልጠግግ አለ። ግሮውዝ ፋክተር ብቀባበትስ?

መልስ፦ መድኃኒቱ አለ፤ ቤካፕለርሚን የሚባል የፒዲጂኤፍ ቅባት በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተፈቅዷል። ነገር ግን የቆየ ቁስል ፈሳሽ ፕሮቲን በሚቆራርጡ ኢንዛይሞች የተሞላ ስለሆነ መልእክቱ ሳይደርስ ይበጣጠሳል። ደም በደንብ የማይደርስበት፣ የሞተ ሥጋ ያለበት ወይም ሁልጊዜ የሚረገጥ ቁስል ላይ ቅባት ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ዛሬ ነገ ሳይሉ እግርዎን ለሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ጠባሳስ ለምን ይቀራል?

መልስ፦ ቲጂኤፍ-ቤታ ፋይብሮብላስቱን እንደ ጡንቻ የሚጎትት ያደርገዋል፤ ጠርዙን ስቦ ያጠባል፣ ኮላጅን ይከምራል። ጥድፊያ ስለሆነ ክሩ እንደ ጤነኛ ቆዳ አይደረደርም፤ ጥንካሬውም ቢበዛ 80 በመቶ ያህል ነው የሚመለሰው።

ጥያቄ፦ ቅርፊቱን ልላጠው?

መልስ፦ ተው! ከሥሩ እየተሳቡ ያሉትን ሴሎች አብረህ ነው የምትነቅላቸው።