ዝም ያለው ተርኪ የት ሄደ?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ሲሆን ተርኪ የተባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ማደን ከጀመርኩ ይህ ሁለተኛው ጸደይ ነው። አዲስ አዳኝ እንዲወስድ የሚጠየቀውን ትምህርት ጨርሼ፣ ፈቃድ አውጥቼ፣ ዥንጉርጉር የአደን ልብስና የወፉን ድምፅ የሚያስመስል ሦስት ዓይነት መጥሪያ ገዝቼ፣ በሁለቱ ዓመታት አሥራ አንድ ጠዋት ጫካ ውስጥ ብቀመጥም እስካሁን አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። ከሁሉም የከነከነኝ በኤፕሪል መጨረሻ የገጠመኝ ነው። ገና ሳይነጋ አንድ አውራ ከቆጡ ላይ ሆኖ መጮህ ጀመረ፤ እኔም በሣጥን መጥሪያዬ እንደ ሴቷ ብጠራው በጠራሁት ቁጥር መለሰልኝ። እንዲህ ስንቀባበል አርባ ደቂቃ ያህል ቆይተን ድንገት ጸጥ አለ። ደጋግሜ ብጠራውም መልስ አልሰጠኝም። ሩብ ሰዓት ጠብቄ፣ ሄዷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ብነሣ፣ ከጀርባዬ ሠላሳ እርምጃ እንኳ ከማይሞላ ርቀት ላይ ክንፉን አማትቶ በረረ። ስህተቴ ምን ላይ ነው? መጥሪያዬን ልቀይር ወይስ ነገሩ ጨርሶ ለእኔ የሚሆን አይደለም?

መልስ፦ ውድ አንባቢ፣ መጥሪያዎን አይቀይሩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ የመለሰልዎ አውራ ድምፅዎን አምኖታል፤ ይህም ብዙ ጀማሪ በሁለት ዓመት የማይደርስበት ነገር ነው። ስህተቱ የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ እሱም የወፉን ዝምታ እንደ መሄድ መቁጠርዎ ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን አውራ የጣልኩት በአራተኛው ጸደይ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያስበረገግኳቸውን መለስ ብዬ ሳስብ፣ አብዛኞቹ የሸሹት ወደ እኔ በመምጣት ላይ ሳሉ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ነገሩን ለመረዳት ከወፉ ልማድ መነሣት ያስፈልጋል። በመራቢያው ወራት አውራው ካደረበት ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰማችው ሴት ደግሞ ወደ እርሱ ትሄዳለች። አዳኙ እንደ ሴት ተርኪ እየጠራ አውራውን ወደ ራሱ ለማምጣት ሲሞክር ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት እየገለበጠ ነው፤ ስለዚህ አውራው በተጠራ ቁጥር እየመለሰ ባለበት ቢቆም ተጠራጥሮ ሳይሆን የለመደውን እየጠበቀ ነው። እንዲያውም ጥሪዎ በበዛ መጠን የሚቆምበት ምክንያት ይበረታል፤ ይህን ያህል የጓጓች ሴት ራሷ መምጣቷ አይቀርምና። ድምፁ ሲጠፋ ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሆኗል፤ እውነተኛዎቹ ሴቶች ደርሰውለታል፣ ወይም እዚያው ቦታው ላይ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ክንፎቹን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይንጠባረራል፣ አለዚያም የጠራችው ለምን እንደቀረች ለማየት አንዲት ድምፅ ሳያሰማ እየመጣ ነው። የእርስዎ ሦስተኛው ነበር። ሲንጠባረር ከደረቱ የሚያወጣው ዝቅ ያለ እምቡምታ በሩቅ ከሚያልፍ የጭነት መኪና ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል ጀማሪ ሰምቶ ያልፈዋል፤ ይህ ድምፅ ከቅርብ ካልሆነ አይሰማምና፣ በጆሮዎ ከገባ ጣትዎን እንኳ አያንቀሳቅሱ።

ወፉ ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነበት ምክንያት አለው። ተርኪ ስሙ ወደ ቱርክ ቢወስደንም (እንግሊዞች በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ትደርሳቸው ከነበረችው ጅግራ ጋር አምታተውት የቀረ ስም ነው) የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በዚያ ጫካ ደግሞ ከእንቁላልነቱ ጀምሮ የማያሳድደው አውሬ የለም። ሴቷ መሬት ላይ ባበጀችው ጎጆ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ እንቁላሎች ጥላ ለ28 ቀናት ስትታቀፍ ራኩን የተባለው ትንሽ አውሬና እባብ ጎጆዋን ይዘርፋሉ፤ ጫጩቶቹም ወደ ዛፍ መብረር እስኪችሉ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገደማ ከእናታቸው ክንፍ ሥር መሬት ላይ ስለሚያድሩ ቀበሮና ጉጉት ይለቅሟቸዋል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ሦስት ዓመት የሞላው አውራ ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በመሆናቸው አንገቱን ጥቂት ብቻ ቢያዞር ዙሪያውን ሁሉ ያያል፣ ቀለምም ለይቶ ያውቃል። ይህ ንቃት አብዛኛው ከእናት የሚወረስ ትምህርት መሆኑን አሜሪካውያን በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ተርኪ በደን መመንጠርና ያለ ገደብ በመታደን ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ ስለነበር፣ በመጀመሪያ ሰው ያሳደጋቸውን ጫጩቶች ጫካ ውስጥ በመልቀቅ ዘሩን ለመመለስ ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን እናት ያላስተማረችው ተርኪ በዱር አልሰነበተም። ሥራው የተሳካው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ በጫካ ያደጉትን በተወንጫፊ መረብ እየያዙ ወደ ጠፉበት አካባቢ ማዛወር ሲለመድ ነው። የተርኪን ዘር ለመጠበቅ የሚሠራው ብሔራዊ የዱር ተርኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1973 እዚያው እርስዎ ባሉበት በቨርጂኒያ፣ በፍሬደሪክስበርግ ከተማ ሲመሠረት በመላ አገሪቱ የነበሩት ተርኪዎች አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይገመቱ ነበር፤ ዛሬ በርካታ ሚሊዮን ሆነዋል። እንግዲህ በአሥራ አንድ ጠዋት ልትበልጡት ያልቻላችሁት ወፍ ከእንዲህ ያለ ዘር የመጣ ነው፤ ይህንን ስል እርስዎን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ጨምሬ ነው።

አሁን ወደ አቀማመጥዎ ልምጣ፤ ትዕግሥት የሚጀምረው ከመቀመጫ ነውና። ጎርባጣ ሥር ላይ የተቀመጠ ሰው የቱንም ያህል ጽኑ ፈቃድ ቢኖረው በሃያኛው ደቂቃ መቁነጥነጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ወፍራም መቀመጫ ይያዙ፣ ከትከሻዎ የሚሰፋ ዛፍ መርጠው ይደገፉ፣ ዛፉ ቅርጽዎንም ይሰውርልዎታል፣ ከኋላ በኩልም ይከልልዎታል። በቀኝ እጅዎ የሚተኩሱ ከሆነ ግራ ትከሻዎን ወፉ ይመጣበታል ወደሚሉት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ሰውነት ከቀኝ ይልቅ ወደ ግራ በሰፊው ስለሚዞር፣ አውራው ባላሰቡት ጎን ብቅ ቢል ሙሉ በሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። ሾትገኑን (እንክብል የሚበትነውን ጠመንጃ) ከመጀመሪያው ጉልበትዎ ላይ ያስደግፉት እንጂ ጭንዎ ላይ አያጋድሙት። ወፉ ዓይንዎ ሥር ከገባ በኋላ አፈሙዙን ማንቀሳቀስ የሚቻለው ጭንቅላቱ ከዛፍ ግንድ ጀርባ ባለፈባት ቅጽበት ብቻ ነው።

የቦታ ምርጫ ከጥሪ ችሎታ ይበልጣል ብል አጋነነ የሚለኝ ይኖራል፤ እኔ ግን በዚህ እጸናለሁ። አውራው ከሩቅ ሆኖ ድምፁ የመጣበትን ቦታ አሻግሮ ማየት ከቻለና ሴቲቱን ካላየ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ከጉብታ ወይም ከመንገድ ጥምዝ ወዲህ ይቀመጡ፤ ወፉ የጠራችውን ለማየት ከጉብታው አናት ላይ መውጣት ግድ ሲሆንበት፣ ቦታውን ማየት በሚችልበት ሰዓት ከጠመንጃዎ ርቀት ውስጥ ገብቷል። በመካከላችሁ ወንዝ፣ አጥር ወይም ጥልቅ ቦይ እንዳይኖርም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ለመብረር የማይቸግረው ወፍ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ለመሻገር ብዙ ጊዜ ያመነታል። ለዚህ ሲባል ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ያለ ጠመንጃና ያለ መጥሪያ ጫካውን በእግር ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥሪውን በተመለከተ፣ ገና ቆጡ ላይ ሳለ ሁለት ሦስት ጊዜ በለስላሳው ጠርተው፣ መልስ ሲሰጥ ዝም ይበሉ። የት እንዳሉ አውቋል፤ የአንድ ሜዳ ስፋት የማይሞላን ቦታ ለይቶ የማስታወስ ችሎታው አስገራሚ ነው። ቆሞ ከቀረብዎ መጥሪያውን ትተው በእጅዎ ደረቅ ቅጠል ጫር ጫር ያድርጉ፤ ሴቷ ምግቧን እየለቀመች ነው ብሎ ያምናል። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረታችን ለተርኪም ይሠራል፤ እዚህ ግን የሚጭረው አዳኙ፣ ካራው የሚወጣበት ደግሞ ወፉ ነው። የሣጥን መጥሪያ ድምፁ እጅግ ጥሩ ቢሆንም ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ወፉ ሲቀርብ ያስቸግራል። ስለዚህ በላንቃ የሚያዘውን ስስ የላስቲክ መጥሪያ ከአሁኑ ይለማመዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያቅለሸልሽዎ ይችላል፣ ቤተሰብም መማረሩ አይቀርም።

ከሁሉም የሚከብደው መጠበቁ ነው። የመጨረሻውን ድምፅ ከሰሙ በኋላ ቢያንስ አርባ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ከመነሣትዎም በፊት ዙሪያውን በዓይንዎ ብቻ ቀስ ብለው ይቃኙ። ጠዋት በሴቶች ተከቦ የነበረ አውራም ረፋዱ ላይ ሴቶቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጎጆ ሲበተኑ ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ በማለዳ ንቆ የተወውን ጥሪ ፍለጋ ሊመጣ ይችላል። በቨርጂኒያ በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት አደን የሚፈቀደው ከፀሐይ መውጫ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ እስከ ፀሐይ መግቢያ ስለሆነ፣ ማልደው ተስፋ ቆርጠው የሚሄዱት ሰዎች የሚተዉልዎ ሰዓት ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተኩሱ ሲደርስ የሚነጣጠረው በጭንቅላቱና በአንገቱ ላይ እንጂ በገላው ላይ አይደለም፤ ርቀቱም ለተለማመደ ሰው ከ40 ያርድ፣ ለእርስዎ ለጊዜው ከ30 ባይበልጥ ይሻላል። ጀማሪ የሚስተው ከሩቅ ብቻ ይመስለዋል። አፈሙዙ ላይ የሚገጠመው ማጥበቂያ (አዳኞች ቾክ የሚሉት) እንክብሎቹን አሰባስቦ ስለሚያወጣ፣ በአሥር ያርድ ላይ የሚመታው ስፋት ከብርቱካን ብዙም አይበልጥም፤ የመጀመሪያዬን ዕድል ያመለጠኝም በዚህ ነበር፣ ወፉ ከእግሬ ሥር የሚባል ቦታ ቆሞ ሳለ። በተለያየ ርቀት ወረቀት ላይ እየተኮሱ ጠመንጃዎ እንክብሎቹን እንዴት እንደሚበትን ይወቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በፔንሲልቬንያ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፤ ጩኸቱን ተከትዬ ቀስ እያልኩ አድብቼ ብጠጋውስ?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። በግዛትዎ በጸደይ ተርኪን በጥሪ ማምጣት እንጂ አድብቶ መጠጋት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ባይኖርም ምክሬ አይለወጥም ነበር። የሰሙት ድምፅ ልክ እንደ እርስዎ ዥንጉርጉር ለብሶ፣ ዛፍ ተደግፎ የሚጠራ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነገር ካልሲዎም ላይ እንኳ አይኑር፤ የአውራው ጭንቅላት በጸደይ የሚይዘው እነዚሁኑ ቀለማት ነው። ሌላ አዳኝ ሲመጣ ካዩ እጅዎን አያውለብልቡ፣ በመጥሪያም አይጥሩ፤ ባሉበት ሳይነሡ በሰው ድምፅ ጮክ ብለው ይናገሩት። ያ ጠዋት ይበላሽብዎታል፤ ይበላሽ።

ጥያቄ፦ ሕጉ የሚፈቅደው ጺም ያለውን ተርኪ ነው ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ጺም ያላት ሴት ያየሁ መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ጺም የምንለው ከደረት የሚወርድ ጸጉር መሳይ ላባ ሲሆን፣ ከአሥር ሴቶች አንዷ ገደማ ታበቅለዋለች። ሕጉ «ጺም ያለው» ብሎ በተወሰነባቸው እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ግዛቶች እሷን መጣል ወንጀል አይደለም፤ እኔ ግን አልተኩስባትም፣ በዚያ ወቅት የምትታቀፈው እንቁላል ሊኖራት ይችላልና። በጺም ብቻ ከመወሰን ጭንቅላቱን ይዩ፤ የአውራው መላጣና ደማቅ ነው፣ የሴቷ ግን ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላና ቀጫጭን ላባ እስከ ላይ የወጣበት ነው። ጎረምሳውን አውራ ከጎለመሰው ለመለየት ደግሞ ጅራቱን እስኪዘረጋ ይጠብቁ፤ የጎረምሳው መካከለኛ ላባዎች ከዳርና ዳሩ ረዝመው ይታያሉ፣ የጎለመሰው ጅራት ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የጣሉትን ወፍ ከጫካ ይዘው ሲወጡ በደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በትከሻዎ ላይ የተንጠለጠለ ያልተጠቀለለ ተርኪ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚራመድ ተርኪ ይመስላል።